በቀይ ባሕር ያለፈው ክር

የአቶ ገረመው አስከሬን የተገኘው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ነበር። ፖሊስ «ከበረንዳቸው ራሳቸውን ወርውረዋል» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ራሱን ላጠፋ ሰው ደግሞ ፍትሐት የለም። እህታቸው ወይዘሮ ወለተማርያም የኔነሽን የጠሯት ለዚህ ነው። የኔነሽ አገር ቤት ወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች።

«ወንድሜ ያለ ጸሎት አይቀበርብኝ» አሏት።

ሟቹ ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በስተርጅና የያዛቸው የክሊፐር ፍቅር ነበር፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የቻይናን ሻይ ለንደን ለማድረስ ይሽቀዳደሙ የነበሩትን የሸራ መርከቦች መንገድ ግድግዳቸው ላይ ባለው ካርታ በቀይ ክር ይከተሉ ነበር። «ይቺን ጉዞ ስጨርስ አርፋለሁ» ይሉ ነበር። ክሩ ለንደን ደርሶ ተቋጥሯል። ፖሊስም እንደ ስንብት ቆጥሮታል። የኔነሽ በጣቷ ተከተለችው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች።

ጎረቤታቸው አጸደ፣ «የዚያን ዕለት ጠዋት ዳቦ ሳደርስላቸው ክሩ ገና ጃቫ ጋ ነበር። እኔ ስወጣ ዘመድኩን ከናይት ሺፍት ገባ» አለቻት።

ዘመድኩን ደባላቸው ነው።

«ፊቴ ነው የጨረሱት» አለ። «ቋጥረውት ‹በቃ አረፍኩ› አሉኝ። ከዚያ ባስ ልይዝ ወጣሁ። ዲፕሬስ አድርጓቸው ነበር መሰለኝ።»

የኔነሽ ወለተማርያምን፣ አጸደንና ዘመድኩንን ፍትሐቱን ከከለከሉት ቄስ ጋር ካርታው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አባ፣ ከጃቫ ለንደን በየት ይኬዳል?»

«በቀይ ባሕር ነዋ፤ በስዊዝ።»

«ክሩም የሚለው እንደዚያ ነው። እኛ አገር ያደገ ሰው ሌላ መንገድ አይታየውም። እትዬ፣ ወንድምዎ ምን ይሉ ነበር?»

«አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ነው» አሉ ወለተማርያም። «መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ክሊፐር ሞተር የላት፤ የቀይ ባሕር የሰሜን ነፋስ ፊት ለፊት ይመታታል። እሱን ስንት ዓመት ያሰቃየው ነፋስ ነው።»

«እንግዲህ ይህን ክር እሳቸው አልጨረሱትም። ስንብት እንዲመስል ሌላ ሰው ነው የጨረሰው። ሲጨርሱ አየሁ ያልከው ደግሞ፣ ዘመድኩን፣ አንተ ብቻ ነህ።»

የኔነሽ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች።

«የኢሚግሬሽን ደብዳቤህ ጠረጴዛው ላይ ነው። የጥገኝነት ችሎትህ ሐሙስ ነው፤ ምስክርህም እሳቸው።»

ዘመድኩን ተቀመጠ። «አብረን ታስረናል በሉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በሐሰት አልምልም አሉ። ወደ አገር ቤት ሊመልሱኝ ነው… ገፋኋቸው።»

አጸደ ፊቷን ሸፈነች። የኔነሽ ስልኩን አንስታ ፖሊስ ኮል አደረገች።

ወለተማርያም ክሩን ከቀይ ባሕር ላይ ፈቱና በአፍሪካ ደቡብ አዙረው ለንደን አደረሱት። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ፣ ፍትሐቱ ስንት ሰዓት ይጀመራል?»