ማንም ያልነዳው ኢሱዙ

የድርቆሽ ነጋዴው የኦቦ ጂሬኛ አስከሬን ከመጋዘኑ የብረት በርና ከገዛ ኢሱዙው ግንባር መካከል ሲወጣ እጁ የበሩን ቁልፍ እንደጨበጠ ነበር። ሱሉልታ ገና አልሞቀችም። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ እንኳ አልቀለጠም። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ሾፌሩ ቦሩ ጎማው ሥር ድንጋይ ሳያደርግ ሄዶ፣ መኪናው በራሱ መጣ።

ቦሩ ከቤቱ ተይዞ ተወሰደ። እናቱ ወይዘሮ አጸደ ባገኘችው ነጠላ ጫማ ተከተለችው። ልጇ መሪ ከጨበጠ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ ወይ ሞተ ይሏታል፣ ወይ ገደለ ይሏታል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሃዋ ሐምዱ ከቡራዩ ተጠርታ ስትደርስ አጸደ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«አድርጌያለሁ ነው የሚለው» አለቻት ሰላምታ ሳታስቀድም። «ከኤዶም ወዲህ ሁለት ድንጋይ ነው የሚያደርገው። ስንት ዓመት ይፈርዱበታል? እስር ቤት ውስጥስ ሰው ይደበድባል አይደል?»

«ኤዶም ማናት?»

አጸደ ዓይኗን ወደ ወንዙ ዘወር አደረገች። «የሞተች ልጅ ናት» አለች።

ቦታው ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ ዳገቶች ነው። በመካከላቸው ትንሽ ወንዝ ያልፋል፤ መንገዱም ቀጥ ብሎ ወንዙን ያለ ድልድይ ተሻግሮ ይወጣል። በወዲያኛው ዳገት አናት ላይ ቦሩ ማታ ማታ መኪናውን ያቆማል፤ ቁልፉንም ጫኞች መኪናውን ማስጠጋት ቢፈልጉ ብሎ ጋቢናው ውስጥ ይተዋል። በወዲህኛው አናት የጂሬኛ መጋዘን አለ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን እውነቱ በእጁ እያሳየ። «ከዚያ ወረደ፣ በዚህ ወጣ፣ መታው።»

ሃዋ ትታው ሄደች። ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ጂጂ ገባች። ጂጂ ሳታለቅስ ተቀምጣ ነበር።

«ሌላ ሚስት ሊያገባብኝ ነበር» አለች ጂጂ ሳትጠየቅ። «ከሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙት። ገደለችው ይሉኛል፤ መንዳት ግን አልችልም።»

«በራሱ ለመጣ መኪና መንዳት ማወቅ ምን ያደርጋል?»

ጂጂ ቀና ብላ አየቻት። «እውነትዎን ነው።»

«ሲመጣ ሰምተዋል?»

«ላም እያለብኩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሊጭን ሲመጣ እንደሚያጉረመርመው ነው የሰማሁት። ልብም አላልኩት።»

ከመጋዘኑ አጠገብ ባለሱቁ ጋሽ ሀሰኖ አለ። ከጂሬኛ ጋር በአጥር ድንበር ስንት ዓመት ተካሰዋል።

«ለይግባኝ ተዘጋጅቼ ሳለ ሞተብኝ» አለ ሀሰኖ። «ሳቅሽ? ሳቂ፣ እኔም ያስቀኛል። ሱቄን እየከፈትኩ ነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። መኪናው እንደ ሁልጊዜው መጣ። ጓ አለ። ዞር ስል ዱቤ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ፍሬን እየሳበ ይጮሃል።»

«ዱቤ የጫኞቹ አለቃ?»

«እሱ ነው። ያችን ልጁን፣ ኤዶምን፣ ይኸው መኪና ገድሎበት ታርቆ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው። እኔ ብሆን አልታረቅም ነበር። እኔ ለአጥር እንኳ አልታረቅኩም።»

ዱቤ የድርቆሽ ክምር ሥር ተቀምጦ ከእጅጌው ላይ ሣር ይለቅማል። ጸጉሩ ሸብቷል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዱቤ? እንዴት አደሩ?» አለች ሃዋ።

«ነጋ፤ ደህና ነኝ ልጄ።»

«ጋቢና ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሌላ ሰው እንዳይጨርስ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ።» ሣሩን መልቀሙን አላቆመም። «ቦሩን እግዜር ይይለት። ሁለተኛው ነው።»

«ከኤዶም በኋላ?»

«እኔ ታርቄያለሁ። ሽማግሌዎቹ ‹መኪናው ውስጥ ሰው ስላልነበረ ገዳይ የለም› አሉኝ። የጂሬኛን እጅ ጨበጥኩ፤ የቦሩንም እጅ ጨበጥኩ።»

ሃዋ ወደ ወንዙ ወረደች። ጎማው ከወንዙ ያነሳው ጭቃ በመጋዘኑ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ተስሏል። አንደኛው እኩሌታው ላይ ደርሶ ያልቃል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ረግጦ እስከ በሩ ይዘልቃል። ተሻግራ መኪናው ያደረበት ቦታ ስትደርስ ድንጋይ የሚባል ነገር አልነበረም። መንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውስጥ ግን ጎማ ያጠቆራቸው ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ወድቀዋል።

ከዚያ ጎረቤት ቤት ከሚሠራ ግንበኛ ውሃ ልክ ተዋሰች። በመጋዘኑ በር ፊት ከመሬት ጋር እኩል በሆነው የድንጋይ ደረጃ ላይ አስቀመጠችው። አረፋው መካከል ላይ ሲቆም መሬት ላይ ተኝታ በአንድ ዓይኗ በጠርዙ አሻግራ ተመለከተች። ሳጅን እውነቱን ወዲያኛው አናት ላይ አቁማው ነበር።

«ትታየኛለህ፤ ግን ከመስመሩ በታች ነህ» አለችው በስልክ። «እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ።»

«ዘረጋሁ። ረጅም ነኝ እኮ።»

«አሁንም አልደረስክም።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በመጋዘኑ በር ፊት ሰበሰበቻቸው። ቦሩ በካቴና መጣ። አጸደ ከጎኑ ቆማ ክንዱን ይዛለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ፍርዱን በልቧ ስትሰማ አድራለች። ኢሱዙው ወዲያኛው አናት ላይ ተመልሶ ቆሟል። እውነቱ ጋቢና ውስጥ ፍሬኑን ይዞ ተቀምጧል።

«ሞተሩ አይነሳም» አለች ሃዋ። «ድንጋዩ ብቻ ይነሳል። እንደ ትናንቱ በራሱ ይምጣ።» ነጠላዋን አውለበለበች።

መኪናው መጀመሪያ ቀስ አለ፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ወሰደው። ያለ ድምፅ፣ ግዙፍ ሆኖ፣ እየፈጠነ ወረደ። ውሃውን በትኖ ወደ እነሱ መውጣት ሲጀምር ጂጂ ጮኸች። ሀሰኖ ሱቁ ውስጥ ዘሎ ገባ። አጸደ ልጇን ከነካቴናው ጎትታ አጥሩ ሥር ጣለችው፤ በላዩም ተኛችበት።

መኪናው እኩሌታው ላይ ዛለ፤ ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ ተንከባሎ ተመለሰ። ወንዙ ዳር ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ጸጥ አለ።

ከበሩ ፊት ሃዋና አንድ ሰው ብቻ ቀርተው ነበር።

«ኦቦ ዱቤ፣ ለምን አልሸሹም?»

«እግሬ አልታዘዘኝም።»

«ትናንት ግን ከሁሉም ቀድሞ ጋቢና የገባው የእርስዎ እግር ነው።»

ሰዎቹ አቧራቸውን እያራገፉ ተመለሱ። ሃዋ ድምፅዋን ሳታነሳ ቀጠለች።

«ስምንተኛ ክፍል ሆነን የተማርነው ነገር ነው። ከፍ ያለ ነገር በከፍታው ልክ ጉልበት አለው። ሲወርድ ከፍታው ፍጥነት ይሆናል፤ ዳገት ሲወጣ ፍጥነቱ ተመልሶ ከፍታ ይሆናል። በመንገዱ ላይ ጎማውና አፈሩ ሲተሻሹ የሚሞቀው ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ በራሱ የሚንከባለል ነገር ከተነሳበት ከፍታ በላይ አይወጣም፤ እኩልም አይደርስም። ወዲያኛው ዳገት ቀጥ ያለ ስለሆነ ከፍ ያለ ይመስላል እንጂ ይህ በር ይበልጠዋል። በውሃ ልክ ለክቼዋለሁ። የጎደለውን ጉልበት አንድ ነገር መክፈል አለበት፤ ይኸውም ሞተር ነው።»

«ሞተር አልነበረም እኮ» አለ ሀሰኖ።

«እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ። ‹እንደ ሁልጊዜው መጣ› አሉ። ወይዘሮ ጂጂም ሲያጉረመርም ሰምተዋል። አሁን ሲወርድ ያጉረመረመ ነገር ሰማችሁ? ኦቦ ጂሬኛም ያልዞረው ለዚህ ነው፤ ሊጭን የመጣ የራሱ መኪና መስሎታል። ስለዚህ ሾፌር ነበረው። ከጋቢናው የታየው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ፍሬን ለመሳብ ገባሁ ያለ።»

ዱቤ ከእጅጌው ላይ አንድ ሣር ለቀመ።

«ድንጋዮቹ ጎማ ሥር ነበሩ፤ ሰው አንስቶ ቦይ ውስጥ ወረወራቸው። የጭቃው ዱካም ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለቀቁት። ዛሬ እንደቆመው ቆመ፣ ተመለሰ። ለዚህ ነው ያልሸሹት፤ እንደማይደርስ ከሁላችንም በፊት አይተዋል። ከዚያ ወርደው፣ አስነስተው፣ ነዱት።»

«በራሱ እንዲመጣ ነበር የፈለግኩት» አለ ዱቤ በመጨረሻ። «የእኔን ልጅ ሲገድል ማንም አልነበረበትም። እሱንም ሲገድለው ማንም እንዳይኖርበት። እነዚያው ሽማግሌዎች መጥተው ለጂጂም ያንኑ ቃል እንዲሏት። ፍሬኑ እንደማይዝ ለጂሬኛ ተነግሮት ነበር፤ ‹ከበዓል በኋላ ይሠራል› አለ። ያሠራው ከቀብሯ በኋላ ነው። እጁን ስጨብጠው ያሰብኩት ይህን ቀን ነበር። ለቀቅኩት፤ እምቢ አለኝ።»

«ያኔ ሊተዉት ይችሉ ነበር።»

«እችል ነበር።» ወደ ታች ወደ ኢሱዙው አየ። «ተመልሶ የት እንደቆመ ታያለሽ? እሷ የወደቀችበት ነው። ጎማው እዚያ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ያዞረ እጄ ነው፤ እኔ አላቆምኩትም።»

እውነቱ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። በሃዋ ምልክት የቦሩን ካቴና ፈታ። አጸደ የልጇን ቀይ የሆነ አንጓ በሁለት እጇ ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈራው ነገር ጠፋባት።

ዱቤ ለካቴናው እጁን እየዘረጋ ወደ ቦሩ ዞረ።

«አንተን አሳስሬህ ነበር፤ አመለጥክ። ግድ የለም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ሽማግሌዎቹ አልጠየቁህም። ኤዶም የሞተች ቀን ድንጋዩን አድርገህ ነበር?»

«አድርጎ ነበር» አለች አጸደ ፈጥና። «ተንሸራቶ ነው። ንገራቸው ቦሩዬ።»

ቦሩ ከእናቱ ዓይን ሸሽቶ መሬቱን አየ። ወንዙ ከታች ይሰማል። ሀሰኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይኸው» አለ ዱቤ። «አሁን እሄዳለሁ።» ከሳጅኑ ቀድሞ መንገድ ጀመረ።

አጸደ ልጇን ወደ ቤት ልትወስድ ነበር የመጣችው። አንጓውን ለቀቀችና ብቻዋን ኤዶም ወደ ወደቀችበት ወደ ወንዙ ወረደች።