ማጎን ስንወርድ

«ይህን ሰውዬ ከፊቴ አንሱልኝ! አውጡልኝ!»

የእናቷ ድምፅ የለቅሶውን ድንኳን ጸጥ አደረገው። መዝሙር ይዘምሩ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስንኙን ሳይጨርሱ አቆሙ። አቢጊያ የተሰበረ ክንዷን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፍራሹ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ቀና ስትል ድንኳኑ መግቢያ ላይ የቆሙት ጋሽ ሻንቆ ናቸው።

ጋሽ ሻንቆ መካኒክ ናቸው። የወንድሟን የባሮክን የጭነት መኪና ሁልጊዜ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። ለለቅሶው የለበሱት ጃኬት ንጹሕ ነው፤ ጥፍራቸው ሥር የገባው ግሪስ ግን አልለቀቀም። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆሙና ወጡ።

«ፍሬኑን በሠራ ማግስት ልጄ ሞተ» አለች እናቷ አለምነሽ፣ ለማንም ሳይሆን ለድንኳኑ ሁሉ። «በማግስቱ!»

የተቃወማት የለም። አደጋው በደረሰ ጊዜ ከባሮክ ጋር ጋቢና ውስጥ የነበረችው ግን አቢጊያ ብቻ ናት።

ድንኳኑ ሲነሳ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሊድያ አልነበረችም። ሊድያ የጋሽ ሻንቆ ልጅ ናት፤ ሁለቱ ከትንሽነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ከክፍል ስትወጣ አቢጊያ ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። ከተማው መሀል ያለው ሜዳ ላይ ከብት ይግጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እንደገመተችውም ሊድያን ዳር ላይ ሣሩ ውስጥ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ለምን ቀረሽ?»

«ልጆቹ የሚሉትን አልሰማሽም? 'የገዳይ ልጅ' ነው የሚሉኝ።» ሊድያ ሣር እየነቀለች ትጥላለች። «አባዬ ጋራዡን ዘግቶታል። ቤት ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። 'የቱን ብሎን ሳላጠብቅ ቀረሁ?' ይላል። እናቴ 'ለባሮክ መኪናውን ስትሰጠው ምን ብለኸው ነበር?' ስትለው፣ 'በሞተ ሰው ላይ አፌን አልከፍትም' አላት።»

አቢጊያ ኳሱን የሚከተሉትን ልጆች አየች።

«አቢ» አለች ሊድያ። «አንቺ እዚያ ነበርሽ። እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ ነው?»

«አላስታውስም።»

ሊድያ ፊቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ «እሺ» ብላ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። ዞር ብላ አላየችም።

ሁሉንም ታስታውሳለች።

ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ጋራዡ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ባሮክን ስትጠብቅ ነበር። ጋሽ ሻንቆ ከመኪናው ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እንዲህ አሉት፦ «ስማኝ ልጄ፣ የፍሬኑ ሸራ አዲስ ነው፤ እስኪገራ አታስጨንቀው። የማጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረድ፣ መኪናውን ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን ጫን ታደርግና ትለቃለህ፤ ተጭነህበት እንዳትወርድ። የሚቃጠል ነገር ከሸተተህ ቁም። በራሱ ይብረድ፤ ውሃ እንዳታፈስበት።»

«ጋሽ ሻንቆ፣ እኔ እኮ ማጎን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው» ብሎ ሳቀ ባሮክ። ባሮክ እንዲህ ነበር። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱን የያዘው እሱ ነው፤ ሲስቅ ግን ታናሿ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በቆሎ ጭነው ከማጎ ማዶ ወዳለችው ሀና ወጡ። ትምህርት ዝግ ስለነበር አቢጊያ እዚያ ያለችውን አክስቷን አበዛሽን ልትጠይቅ ነው የተሳፈረችው። ከተማው ውስጥ ናፍጣ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በመኪናው ታንከር ውስጥ ያለው ለመመለሻ እንደማይበቃ ባሮክ ገና ከጂንካ ሳይወጡ ሲያወራ ነበር። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማርሹን አውጥቶ ዜሮ ላይ አደረገው።

«ጋሽ ሻንቆ በከባድ ማርሽ አላሉህም?»

«አታካብጂ አቢ። ዜሮ ላይ ሲሆን ናፍጣ አይበላም። ፍሬን አለ አይደል?»

መኪናው በራሱ ክብደት መንደርደር ጀመረ። ባሮክ ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩንም ከዚያ ላይ አላነሳም። ከታች የማጎ ሜዳ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ባሮክ መዝሙር እያፏጨ ነበር። አንዱን መታጠፊያ፣ ከዚያ ሌላውን አለፉ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር። በመስታወቱ ስታይ ከኋላው ጎማ ነጭ ጭስ ይወጣል።

«ባሮክ፣ እንቁም። ይሸታል።»

«እታች ስንደርስ።»

እንደገና ልትለው አፏን ከፈተች። ግን ባሮክ ነው፤ መንገዱን ያውቃል። አፏን ዘጋች።

ቀጥሎ ባለው መታጠፊያ ፍሬኑን ሲረግጥ መኪናው አልያዘም። ደጋግሞ ረገጠ። ማርሽ ሊያስገባ ታገለ፤ ማርሹ ግን በዚያ ፍጥነት እየተንገጫገጨ እምቢ አለ። ማፏጨቱን አቁሞ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ አጎቷ ዶላሞ ፖሊስ ጣቢያ ነገሩን ሲከታተል ሰንብቶ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቤት መጣ።

«ሳጅን መኮንን ነገ ቃልሽን ይቀበላል» አላት። «ሻንቆም ይጠራል። አንቺ የሚጠበቅብሽ ትንሽ ነገር ነው። ፍሬኑ በተሠራ ማግስት እምቢ አለ በይ። ውሸት አይደለም፤ እምቢ ብሏል። ሌላ አትጨምሪ።»

«ከዚያስ ጋሽ ሻንቆ ምን ይሆናሉ?»

«የሥራውን ያገኛል።»

በማግስቱ ጠዋት እናቷ የባሮክን ሸሚዞች አልጋው ላይ ዘርግታ ታጥፋቸዋለች። አጣጥፋ ትጨርስና እንደገና ትዘረጋቸዋለች። አቢጊያ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ጋሽ ሻንቆ አይደሉም።»

እናቷ እጇን አላቆመችም።

«በከባድ ማርሽ ውረድ ብለውት ነበር፤ ሰምቻለሁ። እሱ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ዜሮ ላይ ወረደ። ፍሬኑ ጋለ፣ ሸተተ። ቁም አልኩት፣ እታች ስንደርስ አለኝ። ደግሜ ልለው ነበር... አላልኩትም።»

እናቷ ሸሚዙን እንደያዘች ቀረች። «ወንድምሽ ጥፋተኛ ነው ነው የምትዪኝ? አፈሩ ሳይደርቅ?»

«እማዬ...»

«ዝም በይ!»

ከውጭ የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል። እናቷ የሸሚዙን ኮሌታ በጣቷ አስተካከለች። በመጨረሻ የጠየቀችው ነገር አቢጊያ የጠበቀችው አልነበረም።

«ፈርቶ ነበር?»

«አዎ» አለች አቢጊያ፤ እንባዋ መጣ። «ግን ወደ እኔ ነበር የሚያየው። መታጠፊያው ላይ ትልቅ አለት ፊት ለፊታችን ነበር እማዬ። የሚመታው የኔ ጎን ነበር። 'ዝቅ በይ!' ብሎ መሪውን በሁለት እጁ ሳበው። የራሱን ጎን ነው ያስመታው።»

እናቷ ሸሚዙን ወደ አፏ አስጠጋችው። አቢጊያ በደህናው እጇ ልታቅፋት ሞከረች። እናቷ አልገፋቻትም፤ አላቀፈቻትምም።

የዶላሞ ድምፅ ከበር መጣ። «አቢጊያ! እየረፈደ ነው፣ ውጪ እንጂ!»

አቢጊያ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ እናቷ ከኋላዋ ተናገረች።

«ለሳጅኑ ስትነግሪያቸው...» ድምፅዋ ተቆረጠ፤ እንደገና ጀመረች። «መሪውን መሳቡንም ንገሪያቸው። እሱንም ይጻፉት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም እማዬ።»

አጎቷ መንገዱን ሙሉ ምን ማለት እንዳለባት ደጋግሞ አስረዳት። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ጋሽ ሻንቆና ሊድያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሊድያ ስታያት ፊቷን አዞረች። አቢጊያ አጎቷን ትታ ወደ ወንበሩ ሄደችና ጋሽ ሻንቆ ፊት ቆመች።

«ጋሽ ሻንቆ» አለች፤ «እባክዎ እኔ ቃሌን ስሰጥ አብረውኝ ይግቡ።»