ውስጠኛው መስመር

«ሰምተሻል አይደል?» አለ አሰልጣኝ ፒዮ፣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ እያላመጠ። «የመጨረሻው ዙር ላይ ሰፋ አድርገሽ ትዞሪያለሽ። ሴዋ በውስጥ በኩል ታልፋለች። ዩኒቨርሲቲ የምትገባው በዚህ የወርቅ ሜዳሊያ ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትደርሺበታለሽ።»

«እሺ ጋሼ» አለች ቦራም፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን ማሰሪያ እየሳበች። አገጩ ላይ የሩዝ ፍሬ ተጣብቋል። አልነገረችውም። ይዞት ይዋል!

የቹንቾን ከተማ የበረዶ ሸርተቴ ክለብ ልጆች ሁሉ ይፈሩታል፤ ቦራም ግን ትንቀዋለች። ከእሱ የባሰ ደግሞ የክለብ ጓደኛዋን ሴዋን። ጫማዋ ውድ፣ ልብሷ ውድ፣ ኩርባ ላይ ስትደርስ ግን ድፍረቷ ሁሉ ይተናል። ጭራሽ አሁን ወርቅ ሊያጎርሷት!

የመነሻው ተኩስ ሲሰማ ቦራም ከፊት ወጣች፤ ማንም ሊያልፋት አልቻለም። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል የሴዋ ትንፋሽ ከጀርባዋ ይሰማ ነበር።

«እንኪ፣ ብዪ» አለች በልቧ። ኩርባው ላይ ሰፋ ብላ ወጣች። ውስጠኛው መስመር ባዶ ሆነ።

ሴዋ አልገባችም። ካጎነበሰችበት ቀና አለች፤ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ ለመዝናናት የመጣች ይመስል ዝም ብላ ተንሸራተተች። የሌላ ክለብ ልጅ በባዶው መስመር ሾልካ ቀደመቻቸው።

«አንቺ ሴዋ! አብደሻል?» የአሰልጣኙ ጩኸት አዳራሹን ሞላው።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገቡ ሴዋ ቦራም ፊት መጥታ ቆመች።

«ምጽዋት ስጪኝ ብዬሻለሁ?»

«ጋሼ ናቸው ያዘዙኝ።»

«እሱስ እሱ ነው፤ የታወቀ ነው። አንቺን ግን ሰው ብዬሽ ነበር።»

አልጮኸችም። ቦራምን ያየቻት ግን ቦራም አሰልጣኙን በምታይበት ዓይን ነበር። የቦራም ፊት እንደ እሳት ነደደ።

በሩ ተንኳኳ። «ቦራም! ቀጥሎ ባለው የአንድ ሺህ ሜትር ውድድርም ላይ እንደዚያው ነው፣ እሺ?» አለ አሰልጣኙ ከውጭ።

ተነስታ በሩን ከፈተችው።

«መስመሩን አልለቅም» አለች። «ከውድድሩ ሊያስወጡኝ ከፈለጉ አሁኑኑ ያስወጡኝ።»

ቦራም በአሰልጣኙ ጎን አልፋ ወደ በረዶው አመራች። ሴዋ ከኋላዋ እየመጣች ነበር። ዞራ አልጠበቀቻትም።