ዘመነ ከሞተ በኋላ የበሰለው ማረሻ

ዘመነ የሞተው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው ሳይፈታ ነው። እዚያው ቢቸና ላይ «መብራት ያዘው» ተባለ። ወሬው ደጀን ሲደርስ መብራቱ አስፈንጥሮት ጣሪያ በሳ፤ ዓባይ ድልድይ ላይ ደግሞ አንድ የአውቶቡስ ረዳት «በአየር ሲያልፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ማለ።

ኢንስፔክተር ስርጉት ከሞጣ ተጠርታ ስትደርስ ግን ዘመነ የትም አልሄደም። ማረሻ በሚሠራበት ወርክሾፑ ውስጥ ማሽኑ ላይ ተደፍቷል። ማጅራቱ አብጧል፣ የሙቀት መለኪያው በግንባሩ ተሰብሯል። ምሳ ይዛ ገብታ ያገኘችው ሚስቱ ይርጋነሽ በካቴና ታስራ በሩ ላይ ቆማለች። ነገ ደብረ ማርቆስ ትወሰዳለች፤ ጡት ያልጣለው ልጇ ጎረቤት ቤት ያለቅሳል።

«እጁ ማሽኑ ውስጥ እያለ መብራቱን የለቀቀችበት እሷ ናት!» አለ የሟች ወንድም ባንተአምላክ።

«ማብሪያውን እንኳ አላውቀውም፣ አያ ባንተ!» አለች ይርጋነሽ።

ስርጉት ጥግ ወደ ቆሙት ሽማግሌ ዞረች። ፈረደ የሞጣ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው፤ ለዘመነ የብረት ዱቄት ያደቁ ነበር።

«ይህ ማሽን ምን ይሠራል፣ ጋሽ ፈረደ?»

«ከጤፍ ዱቄት ሺህ ጊዜ የደቀቀ ብረት ይጨመርበታል፣ ልጄ። ይጫነዋል፣ መብራት ያሳልፍበታል፤ በአምስት ደቂቃ ማረሻ ሆኖ ይወጣል አሉ። እኔ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

«ለምን?»

«ያስወጣኝ ነበራ! ቡዳ ነህ፣ ዓይንህ ያበላሽብኛል እያለ።»

ስርጉት የማሽኑን ጽሑፍ አነበበች፤ አምስት ቮልት። ከመንገድ የሚመጣው የከፍተኛ ኃይል መስመር የሚገባበት ሳጥን እንደተቆለፈ ነው። የተሰበረው መለኪያ መርፌ ስድስት መቶ ዲግሪ ላይ ታጥፎ ቀርቷል። የዘመነን ደብተር ገለጠች፦ «ሺህ ሲደርስ ወዲያው አጥፋ። ካነሰ ይፈረፈራል፤ ከዘገየ ቅንጣቱ ያድግና እንደ ሸክላ ይሰበራል።» ማሽኑ ውስጥ የነበረውን ማረሻ አውጥታ በመዶሻ ደጋግማ መታችው። መዶሻው ነጠረ እንጂ ማረሻው አልተሰነጠቀም።

«ሦስታችሁም ተቀመጡ» አለች።

የተረፈውን ዱቄት ጨምራ፣ በደብተሩ መሠረት ማሽኑን አስነሳችው። በትንሿ መስኮት ውስጥ ብረቱ ደም መሰለ፤ ቀጥሎ ብርቱካን፤ ቀጥሎ ቢጫ። ስርጉት እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ባንተአምላክ አዛጋ። ይርጋነሽ የልጇን ለቅሶ ታዳምጣለች። ፈረደ ግን ዓይናቸውን ከመስኮቷ አልነቀሉም።

«አጥፊው!» ብለው ተነሡ። «በሰለ እኮ! ይበላሻል!»

የት እንዳለ ሳይፈልጉ፣ ሳይደናበሩ፣ ማጥፊያውን ራሳቸው ተጫኑት።



«አምስት ቮልት ሰው አይጥልም» አለች ስርጉት። «ዘመነ ማጅራቱን ተመቷል። ሲወድቅ መለኪያውን ሰበረው፤ ያን ጊዜ ብረቱ ገና ስድስት መቶ ላይ ነበር። ማረሻው ግን ሳያንስም ሳይዘገይም በስሎ ወጣ። ያጠፋው ሟች አይደለም። ይርጋነሽና ባንተአምላክ አሁን ዓይናቸው እያየ እንኳ መብሰሉን አላወቁም። ያጠፋው ያለ መለኪያ ግለትን በቀለም የሚያነብ ቀጥቃጭ ነው። ጋሽ ፈረደ፣ ከመቱት በኋላ ለምን አልሸሹም?»

«ማረሻው እሳት ላይ ነበራ» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ ቁጭ አሉ። «መለኪያ እስኪገዛ ሦስት ዓመት በጓሮ በር እያስገባ በኔ ዓይን አበሰለ። ዛሬ ፈጠራውን በራሱ ስም ብቻ አስመዘገበው። የኔ ስምስ ብለው፣ ‹የቡዳ ስም ያለበት ማረሻ ማን ይገዛል?› ብሎ ሳቀብኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

ፖሊስ ጣቢያው ያለው ካቴና አንድ ብቻ ነው። ከይርጋነሽ እጅ ወልቆ ፈረደ ላይ ሲገባ ገና አልቀዘቀዘም። እሷ ባሏን ዞራ ሳታይ ወደ ልጇ ሮጠች።

«ግፊቱን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት» አሉ ፈረደ እየተወሰዱ። «ብረቱ ገና ትኩስ ነው።»

«ከእንግዲህ የወንድሜን ማሽን አንተ አታዝበትም!» አለ ባንተአምላክ፤ የግፊቱን እጀታም በአንዴ ፈታው።

ማሽኑ ውስጥ ማረሻው ቀጭ አለ። ለሬሳው ያላለቀሱት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ።