ያልተቋረጠው መስመር

መርሻ ሰኞ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ ከጎኑ የከሰል ማንደጃ ነበር፤ በሩም መስኮቱም ገጥሟል። የአሰላ ብርድ እንዲህ ያለ ሞት አልፎ አልፎ ያመጣልና ጎረቤቱ «ከሰል በላው» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሀሊሜ ግን አከራዩን አስጠራች።

«ጋሼ ባንተአምላክ፣ ማንደጃው የማን ነው?»

«የኔ አይደለም፤ የሱም አይደለም። አስም ስላለበት ከሰል ሲያይ ይሸሻል።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እንዴታ! እሱ ፌስቡክ ላይ ስለ ማዳበሪያ ሽያጭ በጻፈ ቁጥር የሚንኳኳው የኔ በር ነው። ውጣልኝ ብዬዋለሁ። ሙትልኝ ግን አላልኩም፣ ልጄ።»

ሐኪሙ መርሻ የሞተው ቅዳሜ ማምሻውን ነው፤ አረቄም ጠጥቷል አለ። ስልኩ ከክፍሉ ጠፍቷል። ሀሊሜ ወደ ጓደኛው፣ ወደ ስልክ ጠጋኙ ሊበን ሄደች።

«መክፈቻ ቁጥሩን ታውቀዋለህ?»

«አውቃለሁ፣ አዴ ሀሊሜ። አብሮ አደጉ ፍሰሐም ያውቃል። ግን ስልኩን ወስጄ ምን ላደርግበት? ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰነበተ፤ ዝንብ ሳባርር ነው የምውለው። እሑድ የእህቴ ኒካህ ነበር፤ ሳውዲ ላሉት ዘመዶቻችን አንድ ፎቶ መላክ አቅቶን ዋልን።»

ከጎበሳ ለለቅሶ የመጣችው የመርሻ እህት መቅደላዊት ሀሊሜን እጇን ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት።

«አዳማ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። እሑድ በገጹ ላይ ‹የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው፤ ይቅርታ› የሚል ወጥቷል። ወንድሜስ ሞተ፤ ውሸታም ተብሎ ግን አይቀበርብኝ!»

ሀሊሜ ሦስቱንና ፍሰሐን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አስቀረቻቸው። ፍሰሐ የመንግሥት መግለጫ የሚወጣበት ቢሮ ኃላፊ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከማንም በላይ ሲያለቅስ ነበር።

«ቅዳሜ የሞተ ሰው እሑድ አይጽፍም» አለች። «የጻፈው ስልኩን የወሰደው ነው። መክፈቻውን የምታውቁት ሁለት ናችሁ። ሊበን እሑድ ሙሉ ቀን ከሠርጉ ድንኳን አልወጣም፤ ቢወጣም ከተማው ውስጥ መስመር አልነበረም። ካንድ ቢሮ በቀር።» ወደ ፍሰሐ ዞረች። «ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው። ደብተሩ ላይ እንዳነበብኩት መርሻ ስለ ማዳበሪያው የእርስዎን ስም ሊያወጣ ነበር። በሩን ለአብሮ አደጉ ከፈተ፤ አረቄ አጠጡት፤ ሲያንቀላፋ ማንደጃውን አስገቡ። ከዚያ ስሙንም ለመግደል ይቅርታውን ጻፉ። የእርስዎ መስመር ስላልተቋረጠ የሌላው መቋረጡን ረሱት።»

ፍሰሐ እንባውን ጠረገ፤ ከዚያም ፈገግ አለ።

«ማን ነው ተቋርጧል ያለው? መግለጫ ሰጥተናል፤ ኢንተርኔት አልተቋረጠም። እንግዲህ ያን ጽሑፍ ማንም ከየትም ሊጽፈው ይችላል። ተቋርጧል ብሎ የሚፈርም ምስክር አለዎት?»

ሊበን አንገቱን ደፋ። «አዴ… የሱቄን ፈቃድ የሚያድሱት እነሱ ናቸው።»

«እኔ ደግሞ ስለ ኢንተርኔት ምን አውቃለሁ?» አሉ ጋሼ ባንተአምላክ።

«እኔ ልፈርም!» አለች መቅደላዊት።

«አንቺ እሑድ ጎበሳ ነበርሽ፣ እህቴ» አለቻት ሀሊሜ።

ከዚያ የምስክርነት ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ የራሷን ስም ጻፈች፤ ቀጥሎም ስልኳ እሑድ ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት አለማግኘቱን።

«ምስክር የሆነ መርማሪ መዝገቡን ያስረክባል» አለ ፍሰሐ በለሰለሰ ድምፅ። «ያውቃሉ መቼም።»

«አውቃለሁ። ለእርስዎ ሰው እንደሚሰጡትም አውቃለሁ» አለችና ፈረመች።