በጅንባር ፏፏቴ አፋፍ ላይ

እኔ በመንፈስም በቃልቻም የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎንደር ነርስ ሆኜ ስሠራ ስንቱን ሬሳ አጥቤ ገንዣለሁ፣ ሬሳ ክፍልም ብቻዬን ገብቼ ወጥቻለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ በጥላ ደንግጬ አላውቅም፤ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ወሬ ለማሳመር እንዳይመስላችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ለክትባት ዘመቻ ደባርቅ ወጥተን ነበር፣ ሥራው ባለቀ ማግስት አብሮን የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ታምሩ፣ "ሳንመለስ ፓርኩን እንይ" አለ፣ እኔም ስሜንን በስም እንጂ በዓይኔ አላየሁትም ነበርና ደስ አለኝ። ሾፌሩ ፓርኩ ውስጥ ካለው የሳንቃ በር ካምፕ አለፍ ብሎ ማኪናውን አቆመ። ከዚያ እስከ ጅንባር ፏፏቴ ማያ ቦታ ድረስ መንገዱ ቀላል ነው፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው እንኳ ሳይደክመው ደርሶ ይመለሳል። መንገድ እንዲያሳዩን የተሰጡን የፓርኩ ጥበቃ፣ አያ ውቤ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ግን ከማኪናው አልወርድም አሉ።

"ጓድ፣ ዛሬ ይቅርብን፣ ጭጋግ አለ።"

ቀትር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

"ምነው ሽማግሌ፣ ፈራህ እንዴ?" ብሎ ታምሩ እየሳቀ ክንዳቸውን ይዞ ጎትቶ አወረዳቸው።

በአስታው ዛፍ መካከል እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው፣ አያ ውቤ መጨረሻ ሆነን ሄድን። የውሃው ድምፅ እየቀረበ ሲመጣ በውስጡ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ጧ… ጧ… የሚል፣ እርጥብ ጋቢ ድንጋይ ላይ እየመቱ የሚያጥቡ ነው የሚመስለው። "እዚህ ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ?" ብዬ ዞር ስል አያ ውቤ ቆመው ያማትባሉ።

ገደሉ አፋፍ ላይ እንደደረስን፣ በጥፊ የተመታ ይመስል የታምሩ ራስ ወደ ጎን ዞረ። እመኑኝ፣ ማንም አልነካውም፣ እኔ እኮ ከጀርባው ነበርሁ፤ ሁለት ጥርሶቹ ከነደማቸው ድንጋዩ ላይ ወደቁ። "ማነው?" ብሎ ሽጉጡን ሊመዝ ሲል ክንዶቹ ወደ ኋላ ተጠመዘዙ፣ ክርንና ክርኑ ገጠመ፣ ትከሻው ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ያ ጧ… ጧ… ጀርባው ላይ ሆነ፣ ሸሚዙ ተተለተለ፣ ቆዳው ተገሸለጠ፣ እየጮኸ በሆዱ ወደ ገደሉ ይጎተት ጀመር።

እንዴት እንደደፈርሁ አላውቅም፣ ዘልዬ ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጄ ያዝሁ። ያኔ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ እጅ እጄ ላይ አረፈ፣ አልመታኝም፣ አልቧጨረኝም፣ ሕፃን ምላጭ ሲይዝ እናቱ እንደምታስለቅቀው፣ ቀስ አድርጎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቅቅ ጀመር።

"አያ ውቤ፣ ድረሱልኝ!"

እሳቸው ተንበርክከው፣ "ልቀቂው ልጄ፣ የነሱ ነው፣ ልቀቂው" ይላሉ።

አልለቀቅሁም። ጣቶቼ ሲከዱኝ ሱሪውን በጥርሴ ነክሼ ያዝሁ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፣ ብቻ ጉተታው ድንገት ቀጥ አለ።

ሾፌሩ ጩኸታችንን ሰምቶ ደረሰ፣ ተሸክመን ወደ ማኪናው ወሰድነው። ቁስሉን ሳጥብ ክንዶቹ ላይ የገመድ ፈትል፣ ጥምዝምዙ ሳይቀር፣ ቆዳው ውስጥ ታትሞ አየሁ። ወደቀ ለማለት ተስማማን፣ ሌላ ብንል ደብዳቢዎቹ እኛው ሆነን መታሰራችን ነው፤ ታምሩም ራሱ ዓይኔን ሳያይ "ወድቄ ነው" አለ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ።

ከወራት በኋላ አያ ውቤ ጎንደር ድረስ መጥተው ከሥራ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። ከስተው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል።

"ሦስት ልጆች ነበሩ፣ ተማሪዎች፣ በቀይ ሽብር ጊዜ" አሉኝ። "ታምሩ እዚያ አፋፍ ላይ ሲያስገርፋቸው ውሎ ወደ ገደሉ አስጣላቸው። የኋሊት ያሰርኋቸው እኔ ነኝ፣ ሽጉጥ ደቅኖብኝ።"

በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋቸው።

"ታምሩ ከተጎዳበት ቀን ወዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ድምፁ ይመጣል፣ ይቀርበኛል፣ ይከበኛል። ግን አይነኩኝም።" እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፣ አንዲት ጭረት የለበትም። "አንቺ የተማርሽ ነሽ ልጄ፣ ምነው እኔን ተውኝ? ምን እየጠበቁ ነው?"

እጅጌያቸውን አወረዱና፣ "እንግዲህ ልመለስ፣ ሳልሄድላቸው እንዳልቀር" ብለውኝ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ከደባርቅ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ እስከ ዛሬ አሉም ሞቱም የሚለኝ የለም።