የአያ ዓለምነህ ማርሽ

ኢንስፔክተር ትእዛዙ መኪና መንዳት አይችልም። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ከደሃና እስከ አበርገሌ ያልረገጠው ቀበሌ የለም፤ የረገጠው ግን በእግሩ፣ በበቅሎ ወይም ሌላ ሰው እየነዳለት ነው። ባልደረቦቹ ሲቀልዱበት «ሁላችሁም ከነዳችሁ ማን ይቀመጣል?» ይላቸዋል። ያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሰቆጣ ከተማ ከፍ ብሎ ተዳፋት ላይ ወዳለው የአያ ዓለምነህ ግቢ ሲገባ ግን አለመቻሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጨው።

አያ ዓለምነህ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። የገዛ መኪናቸው ወደ ኋላ ተንከባላ ከግቢው የድንጋይ ካብ ጋር አጣብቃ ገድላቸዋለች። ጎረቤት አውጥቶ ጋቢ አልብሷቸዋል። መኪናዋን የማያውቅ የሰቆጣ ሰው የለም። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ከአርባ ዓመት በፊት ለፍጥነት የተሠራች ቀይ ስፖርት መኪና ናት። በዋግ ኮረኮንች ላይ ፍጥነት የሚባል ነገር ባይኖርም እሳቸው እሁድ እሁድ ታጥባ፣ ተወልውላ ካልወጣች አገር የተወረረ ይመስላቸው ነበር።

ትእዛዙ ዞራት። አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ ነው። ከኋላ ጎማዋ ሥር በታኮነት የሚቀመጠው ድንጋይ ተነስቶ ጥግ ላይ በወጉ ተቀምጧል። የሳሙና ውኃ ያለበት ባልዲ ተደፍቷል። የሾፌሩ በር ክፍት ነው፤ የማርሹ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ፎሌ ላይ ነው» አለ ተረኛው ፖሊስ። «ምንም ማርሽ አልያዘም። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ሰው ሆን ብሎ ከማርሽ አውጥቷታል።»

ትእዛዙ አጎንብሶ ገባ። የዘንጉ ጉልላት ላይ ሳሙና ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ከላይም ከጎንም፣ ዙሪያውን። ከዘንጉ ሥር ያለውን የቆዳ ሽፋን ገለጥ ሲያደርግ አዲስ ግራሶ ጣቱን ነካው። በግራሶው መሃል አንዲት ጠቆር ያለች ቀለበት አለች። በኪስ ቢላዋው ጫፍ ጫር አድርጎ ብናኙን በክብሪት ለኮሰው። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተው።

«ቀንድ» አለ ለራሱ።

ተጠርጣሪ ለማግኘት መድከም አላስፈለገም። መካኒኩ ደግሰው ረቡዕ ዕለት ከአያ ዓለምነህ ጋር መንገድ ላይ ተጨቃጭቆ «ይች መኪና አንድ ቀን ትበላዎታለች» ሲል ግማሽ ሰፈር ሰምቶታል። ትእዛዙ ከመድረሱ በፊት ተይዞ ጣቢያ ገብቷል። ይህ ወሬ ፃግብጂ ያሉት የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ መልአኩ ዘንድ ደርሶ፣ ጠመንጃቸውን አንግተው በመምጣት ላይ ናቸው ተባለ። ደግሰው ነገ ቢፈታ እንኳ እውነቱ በሟቹ ዘመዶች ፊት ካልተነገረ ዕድሜው አጭር እንደሚሆን ትእዛዙ ገባው።

«ብያለሁ፤ አልክድም» አለ ደግሰው። ዓይኑ ቀልቷል። «ማርሿን ላጥብቅልዎ ብዬ ነው። ከዘንጉ ሥር ያለችው ቀለበት፣ ቦኮላ የምንላት፣ አልቃለች። እምቢ አሉኝ። የእኔን እጅ ታውቃለች፣ ተዋት አሉኝ። ተናድጄ ተናገርኩ።»

«እኔ መንዳት አልችልም። እንደ ሕፃን አስረዳኝ። ቀለበቷ ስታልቅ ምን ይሆናል?»

«ዘንጉ ይዋልላል፣ ቦታውን ይስታል። ሌላ መኪና ላይ ዘንጉ መሃል ቀጥ ብሎ ከቆመ ማርሽ አልያዘም ማለት ነው፤ ወደ ፊት ሲያዘነብል አንደኛ ይይዛል። የአያ ዓለምነህ ግን ቀጥ ሲል ነው አንደኛ ውስጥ የሚገባው። ወደ ፊት ካዘነበለ ወጥቷል ማለት ነው። ከሳቸው በቀር የሚነዳት የለም።»

«ዛሬ ቀጥ ብሎ ነው የተገኘው።»

«እንግዲያማ አንደኛ ውስጥ ናት። ልትንከባለል አትችልም።» ደግሰው እጁን በአየር ላይ እንደ ማርሽ ነቀነቀ። «ካልተሠራች በቀር።»

«ተሠርታለች። አንተ ቦኮላ ከምን ትሠራለህ?»

«ከደሴ አስመጣለሁ። ከጠፋም ከአሮጌ ጎማ እቆርጣለሁ።»

«ከቀንድስ?»

«ቀንድ?» አለና ትንሽ አሰበ። ታስሮ መቀመጡን የረሳ መሰለ። «ይሆናል እኮ። ጠንካራ ነው፣ ግራሶም ይቀበላል። ማን አሰበው?»

ትእዛዙ በዚያች ጥያቄ ውስጥ የሰማው አድናቆት ነበር። ገዳይ እንዲህ አይጠይቅም ብሎ ወጣ።

ሱቃቸው ከግቢው ፊት ለፊት የሆነው ነጋዴ ሰላሕ መኪናዋን ለዓመታት ሲመኙ የኖሩ ሰው ናቸው። አልሸሸጉትም። «ለዓይኔ ነው እንጂ ለመንዳትማ ማን ይችላታል» አሉ። ትእዛዙ መደርደሪያው ላይ የተሰቀሉትን ሞረዶች አየ፤ ከአራቱ ማንጠልጠያ አንዱ ባዶ ነው።

«ሞረድ ከእርስዎ የገዛው ማን ነው?»

ሰላሕ ሚዛናቸውን ያለ ምክንያት ወለወሉ። «ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ሰው ሞቷል፣ አያ ሰላሕ።»

«ስለሞተ ነው የማልናገረው። ወላሂ፣ የገዛው ሰው ክፉ አላሰበም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ ሁለት የቀንድ ዋንጫዎች ተሰቅለዋል፤ ሦስተኛው ችንካር ባዶ ነው። ልጃቸው ይታየሽ ማዶ ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የግራ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ትእዛዙ ሁሉንም አየና ምነው ባላየሁ አለ።

«ባለቤትዎ ከፃግብጂ መቼ ተመለሱ?» ሲል እናቲቱን ጠየቀ።

«ረቡዕ ለተዝካር ሄዶ ትናንት ማታ ገባ። ደክሞት ነበር፤ እህል ቀምሶ ተኛ። ጠዋት እንደ ልማዱ ሊያጥባት ወጣ።»

«ድንጋዩን ያነሱታል?»

«የኋላ ጎማዋን ሲያጥብ ያነሳዋል። መጀመሪያ ግን እጁን ሰዶ ማርሿን ይነካል። ማርሽ ውስጥ መሆኗን ሳያረጋግጥ ድንጋይ አንስቶ አያውቅም፤ ጠንቃቃ ነበር።» የነጠላቸውን ጫፍ አጣጠፉ። «አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ከደጅ ተጣራና ይታየሽ የት አለች አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም።»

«ለምን?»

ወይዘሮዋ ልጃቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። «ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ነርስ ሁኚ ሲላት መካኒክነት ተማረች። እኔ አርባ ዓመት ግራሶ ስበላ የኖርኩት አንቺም እንድትበዪው ነው? አላት። መኪናዬን እጅሽ እንዳይነካት ብሎም ማለ። ከዚያ ወዲህ እሱም ስሟን አይጠራ፣ እሷም ቀና ብላ አታየው። ዛሬ ግን ስሟን ጠራ። ወፍጮ ቤት ሄዳለች አልኩት። ስትመጣ ላኪልኝ አለ። ፊቱ ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

ትእዛዙ ማስታወሻውን አጠፈ። ሌላ ጊዜ ነገሩ ሲገለጥለት ደስ ይለዋል። አሁን ግን የልጅቷን ፊት ሳያይ ወጣ።

እሁድ ከቀብር መልስ ሁሉንም በዚያው ግቢ ሰበሰባቸው። ደግሰውን በሁለት ፖሊስ መሃል አመጣው። አቶ መልአኩ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም፤ ዓይናቸውም ከመካኒኩ አልተነሳም። ሰላሕ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ወለተ ሰንበትና ይታየሽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አቶ መልአኩ» አለ ትእዛዙ፣ «ወንድምዎን የገደለ እጅ እየፈለጉ ነው። ልንገርዎት፤ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።»

«እየሰማሁ ነው።»

«መኪናዋ ከማርሽ ወጥታ ነው የተንከባለለችው። ያወጣት ማን ነው? ጉልላቱ ላይ የሳሙና ውኃ ደርቋል። ያን ጠዋት እጁ ላይ ሳሙና የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያወጧት ራሳቸው አያ ዓለምነህ ናቸው።»

«ወንድሜ ከልጅነቱ የነዳ ሰው ነው። እንዴት እንዲህ ይሳሳታል?»

«አልተሳሳቱም፣ ተጠነቀቁ። በሳቸው መኪና ዘንጉ ቀጥ ሲል ማርሽ ውስጥ ነው፤ ወደ ፊት ሲያዘነብል ወጥቷል። ጠዋት በሩን ከፍተው ሲያዩ አዘንብሏል። ወጥቷል ብለው አሰቡና ሊያስገቡት ቀጥ አደረጉት። ማርሿ ግን እሳቸው ሳይኖሩ ተጠግናለች። ቦታው ሁሉ ወደ ትክክለኛው ተመልሷል። አስገባሁ ብለው አወጡት። ከዚያ ድንጋዩን አነሱ።» ወደ ደግሰው ዞረ። «ድንጋይ ደግፏት ሳለ ዘንጉ ያለ ፍሪሲዮን ይወጣል?»

«ክብደቷ ድንጋዩ ላይ ስለሆነ ይወጣል። በሁለት ጣት።»

«የጠገናት እሱ ነዋ» አሉ መልአኩ።

«እሱ ቦኮላ ከጎማ ነው የሚቆርጠው። ይህችኛዋ የበሬ ቀንድ ናት፤ በአዲስ ሞረድ፣ በትዕግሥት የተሞረደች። ቀንዱ ደግሞ…» ትእዛዙ ቀጥሎ የሚለው ነገር አፉ ውስጥ ከበደው። ባዶውን ችንካር ሊጠቅስ፣ የታሰረውን አውራ ጣት ሊያሳይ ነበር። አልቻለም።

«እኔ ነኝ» አለች ይታየሽ።

የመልአኩ ዓይን ከመካኒኩ ተነስቶ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሐሙስና አርብ ነው የሠራኋት። የተሰነጠቀውን ዋንጫ ወስጄ። ስጨርስ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ድንጋዩን ደግፌ ነው የተውኳት። እንደ ደንቡ ነው የተውኳት።» አባቷን እንጂ መርማሪውን የምታናግር አትመስልም ነበር። «ማታ ልነግረው ነበር፤ ፈራሁ። ደግሞም እሁድ ሊነዳት ሲነሳ እጁ ራሱ ይንገረው አልኩ። ሲነዳ ያውቀዋል አልኩ እንጂ ቆማ ሳለች ይነካታል ብዬ አላሰብኩም። አላሰብኩም።»

እናቷ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱም ተቃቅፈው መሬት ላይ ተደፉ። ሰላሕ ፊታቸውን ወደ ካቡ አዞሩ። መልአኩ ጠመንጃቸውን ቀስ ብለው ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። የደግሰውን ክንድ ያዝ አድርገው ለቀቁት።

ትእዛዙ ሥራው አልቋል። መሄድ ይችል ነበር። ግን ሄዶ ከልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለ።

«አንድ ነገር ይቀራል። ዘንግ አንዴ ገፋ ያደረገ ሰው ሳሙናውን በአንድ በኩል ነው የሚተወው። የአባትሽ ግን ጉልላቱን ዙሪያውን ሸፍኖታል። ደጋግመው ነክተውታል፣ ነቅንቀውታል። ዘንጉ እንደ ድሮው አልዋለለም።» እናቲቱን አየ። «ከዚያ ነው ከደጅ የተጣሩት። ደግሰው ሠራት ወይ አላሉም። የጠሩት አንቺን ነው።»

ይታየሽ ቀና አለች። «አውቆ ነበር?»

«አውቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጃቸው ዘንጉን ወደ ለመደው ቦታ መለሰው።»

ወለተ ሰንበት የጠዋቱ ነገር አሁን ገባቸውና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። «ይስቅ ነበር» አሉ፣ «እየሳቀ ነበር እኮ።»

ደግሰው ማንም ሳይነግረው ድንጋዩን አንስቶ ከኋላ ጎማው ሥር አስገባና በእግሩ መታ መታ አድርጎ አጠበቀው። ከዚያ ጨርቅ አውጥቶ ጉልላቱን ሊወለውል ወደ ክፍቱ በር ሄደ።

«ተወው» አለችው ይታየሽ።

ተነስታ ገባችና በአባቷ ወንበር ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ፣ ስትጠግናት እንኳ፣ ተቀምጣበት አታውቅም። ዘንጉን አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጋ፣ እጇን ከደረቀው ሳሙና ላይ ሳታነሳ እስኪመሽ እዚያው ቆየች።